ነዳጅ የሚጠጣው ይሉኝታ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድን ሰው ደሞዙን ብትጠይቁት ወሬ ይቀይራል። ዕድሜውን ብትጠይቁት ይስቃል። «መኪናህ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ካላችሁት ግን ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አይለቃችሁም። «እሷማ ነዳጅ አሽትታ ነው የምትሄደው!» ይላችኋል። ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ ቁልቁለት ከሆነማ ተዉት።

ቁጥሩ ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል። ያው አንድ ቪትዝ፣ ያው አንድ ባለቤት ነው። ሊገዛት የመጣ ሰው ሲጠይቅ በሊትር 20 ትሄዳለች። መሥሪያ ቤቱ የነዳጅ አበል ሊተምንለት ሲጠይቅ ወደ 8 ትወርዳለች፤ «ሞተሯም ደከም ብሏል» የሚል ማስታወሻ ይጨመርበታል። የሚስቱ ወንድም ለቅዳሜ ሊዋሳት ሲጠይቅ ደግሞ ጭራሽ አትነሳም።

እውነቱን ለመናገር ትክክለኛውን ቁጥር ባለቤቱም አያውቀውም። ከየት ያውቀዋል? ነዳጅ የምንቀዳው በሊትር ሳይሆን በብር ነው። ቢጫዋ መብራት ስትበራ የ500፣ ደሞዝ ሲገባ የ1000። ልኬቱ ቀላል ነበር። ታንኩን ጢም አድርጎ መሙላት፣ ኪሎሜትሩን መመዝገብ፣ ሰንበት ብሎ እንደገና ጢም ማድረግ፣ ከዚያ የሄዱትን ኪሎሜትር በሁለተኛው ጊዜ በገባው ሊትር ማካፈል። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ማካፈል ነው። ግን ማን ነው ፉል የሚያደርገው? ፉል የሚደረገው «ነገ ዋጋ ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ በተሰማ ማታ ብቻ ነው።

ያን ማታ ማደያ አካባቢ ያለውን ሰልፍ አይታችሁታል። ሁሉም ሊቆጥብ ነው የወጣው፣ ማንም ግን ሞተሩን አላጠፋም። ሰልፉ ሁለት ሜትር ይራመዳል፣ ይቆማል፣ አንዱ ጣልቃ ሊገባ ይሞክራል፣ ክላክስ ይጮኻል፣ እንደገና ሁለት ሜትር። ትንሽ ሞተር በሚኒሞ ብቻ ቆማ በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ታቃጥላለች። ሦስት ሰዓት የተሰለፈ ሰው እንግዲህ ያጠራቀመውን ቁጠባ ግማሹን እዚያው አስፋልት ላይ በጭስ መልክ ትቶት ይሄዳል። ግን ደስ ብሎት ነው የሚገባው። «በድሮው ዋጋ ሞላሁ!» ብሎ ለጎረቤት ይደውላል።

አይፈረድበትም፣ ዋጋው አስደንጋጭ ነው። ሐምሌ 2014 ላይ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 መቶ ብርን ተሻገረ። በዚህ መሃል ነው ከተማው ሙሉ የነዳጅ ሊቅ የሆነው።

የሊቃውንቱ ቀዳሚ ትምህርት ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መውረድ ነው። የሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ፣ ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ በዜሮ ማርሽ ተንከባለው እንደሚወርዱ በኩራት ይናገራሉ። አውቶማቲክ የያዘ ሰው ካገኙም «ኤን ላይ አድርጋት ልጄ» ብለው ይመክራሉ። በካርቡራተር ዘመን፣ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ከተማውን በሞሉበት ጊዜ፣ ነገሩ ትንሽ ስሜት ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን ቪትዝም ያሪስም ኢንጀክሽን ናቸው፤ ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። ማርሽ ላይ እንዳለች እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ኮምፒውተሩም ይህን አይቶ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ማርሹን ስታወጡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ማኖር አለበት፣ ስለዚህ ያቃጥላል። ጋሼ እንግዲህ ነዳጅ እያወጡ ፍሬናቸውን ይጨርሳሉ ማለት ነው። ይህን ላስረዳቸው ብል «አንተ መኪና የነዳኸው መቼ ነው?» ይሉኛል፣ ክርክሩም እዚያ ያልቃል።

ሁለተኛው ትምህርት በማለዳ መቅዳት ነው። ጠዋት ቤንዚን በብርድ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ብር ከአንድ ሊትር በላይ ታገኛላችሁ ይባላል። የማደያው ጋን ያለው መሬት ውስጥ ነው፤ መሬት ውስጥ ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት ብዙም አይለያዩም። የሚገርመው ይህን የሚሰብከው ሰው ለሥራ ተነስቶ የማያውቀው ሰው መሆኑ ነው። ለቤንዚን ግን በሌሊት ይነሳል።

ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ፣ አረንጓዴ መብራት ያላት «ነዳጅ ቆጣቢ» ዕቃም አለች። ከመብራቷ በቀር የምትሠራው ነገር የለም። አንዳንዱም በየጠርሙሱ የሚሸጥ ፈሳሽ ይጨምራል። አየር ያነሰው ጎማ ነዳጅ ስለሚበላ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጎሚስታ ቤት ጎራ ማለት ይሻል ነበር፣ ግን ጎማ ምን ያምራል? ጎማ ላይ የሚበራ ነገር የለም። የኛ የጎማ ምርመራ በእግር መምታት ነው። ጠብ ጠብ አድርገን «ሙሉ ነች» እንላለን። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ የምታዩዋት ትንሽ ወረቀት ላይ ትክክለኛው የአየር ልክ ተጽፏል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥር ቁጥር ነው፤ 220 የሚል ካያችሁ በጎሚስታው መለኪያ 32 ገደማ ማለት ነው። ጎሚስታው ግን ሳትነግሩት የራሱን ይሞላል። «40 አድርጌልሃለሁ፣ ለዳገት ይሆንሃል» ይላል። ዳገቱ ከጎማው ጋር ምን እንዳገናኘው እስካሁን የጠየቀ ሰው የለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ቀኝ እግር ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ ቆም ሄድ በሚል የከተማ መንገድ ላይ እየተወረወሩና ፍሬን እየረገጡ መንዳት ነዳጁን ከ10 እስከ 40 በመቶ ያባክናል። ይህን ያነበበ ሰው መገናኛ ላይ ቢቆም ያለቅሳል። ቪትዟ ከመብራት ተወንጭፋ ትነሳለች፣ ሚኒባሱን ትቀድማለች፣ ቀይ ወደበራው ቀጣዩ መብራት በሙሉ ኃይሏ ትከንፋለች፣ ፍሬን ትረግጣለች። ሚኒባሱ ቀስ ብሎ መጥቶ ጎኗ ይቆማል። ረዳቱ በመስኮት አጎንብሶ ሾፌሩን ያየዋል። ምንም አይልም፣ ግን ያየዋል።

ቀይ ካያችሁ ከሩቅ እግራችሁን አንስታችሁ ማርሽ ላይ እንዳለች ቀስ እያላችሁ ብትቀርቡ ነዳጅ ይተርፋችኋል። ሞክሩትና ግን እዩ። ከኋላ ያለው «ተኝተሃል እንዴ!» ብሎ ክላክሱን ይለቀዋል። ከፊታችሁ የተዋችሁት ክፍተት ውስጥ አንድ ባጃጅ፣ አንድ ሚኒባስ፣ ከቻለም አንድ ጋሪ ይገባል። እዚህ ከተማ ርቀት ጠብቆ መንዳት ለሌላው ቦታ መስጠት ነው፤ ቦታ የሰጠ ሰው ደግሞ የዋህ ይባላል። የዋህ ከመባል 40 በመቶ መክሰር የመረጠ ስንት አለ።

ሳምንቱን ሙሉ በዜሮ ማርሽ የቆጠበውስ? ቅዳሜ የአዲስ አዳማን የክፍያ መንገድ ይይዝና 120 ላይ ይሰቅላታል። ከ80 ካለፉ በኋላ የነፋሱ ግፊት በፍጥነት እየከበደ እንደሚሄድ፣ ነዳጁም አብሮት እንደሚጨምር የሚነግረው የለም። ቢነገረውም «ለዚህ አይደል እንዴ የከፈልኩት!» ይላል።

ኮፈኑን ተዉትና ኋላዋን ክፈቱ። ባዶ ጀሪካን፣ ከፋሲካ የተረፈ የከሰል ማዳበሪያ፣ የልጆች የተሰበረ ብስክሌት፣ ለዕድር የሚመለስ ትልቅ ድስት። 45 ኪሎ ግድም ትርፍ ጭነት ነዳጁን አንድ በመቶ ያህል ያስጨምራል፣ እንደ ቪትዝ ባለች ቀላል መኪና ላይ ደግሞ የበለጠ ይሰማታል። በዚያ ላይ የለቅሶ ቀን አለ። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እሷም ትገባለች» እየተባለ ሰባት ሰው ይጫናል። ድስቱን ለማውረድ ግን ማንም አላሰበም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መካኒክ የሚያውቀው ነው። መካኒክ የማያውቀው የነዳጅ ማፍሰሻ ሌላ ነው። ስሙ ይሉኝታ ነው።

ሲኤምሲ ሰርግ ነበር እንበል። እናንተ ገርጂ ናችሁ፣ ቅርብ ነው። አንድ የሩቅ ዘመድ ኮቱን እየቆለፈ ይጠጋችኋል።

«ወዴት ነህ ወንድሜ?»

«ገርጂ ነኝ። አንተስ?»

«ጀሞ። ግን አታስብ፣ ታክሲ እይዛለሁ።»

እዚህ ጋ ትንሽ ዝምታ አለ። ዝምታው ሁለት ሰከንድ ከበለጠ በዘመድ መሃል ስም ይወጣላችኋል። ስለዚህ አፋችሁ በራሱ ይከፈትና «ኧረ መንገዴ ነው!» ይላል። ጀሞ የከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ነው። ከሲኤምሲ ወደ ገርጂ በጀሞ የሚሄድ መንገደኛ ካለ ጂቡቲም መንገዱ ነው። ዘመድም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሚስትም ያውቃሉ፣ እሳቸው ግን እንግዳው እስኪወርድ ይጠብቃሉ።

ሲወርድ ደግሞ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት አጭር ድራማ አለች። እጁ ወደ ኪሱ ጉዞ ይጀምራል። «ነዳጅ እንኳ ላድርግልህ...» «ኧረ በናትህ! ምን ማለትህ ነው!» እጁ ከኪሱ አፍ ይመለሳል። አንድም ቀን ኪሱ ውስጥ ሲገባ አላየሁም። ምን አለ አንድ ጊዜ ዝም ብንልና የት እንደሚደርስ ብናይ?

ከዚህ የባሰው የበር ላይ ስንብት ነው። ዕቃ ለማድረስ ብቻ ነው የመጣችሁት። እትዬ ከግቢ ይወጣሉ።

«ግቡ እንጂ!»

«አይ እትዬ፣ ቸኩለን ነው።»

«ቡና ቀርቧል እኮ! አንድ ስኒ።»

«ሌላ ቀን፣ ይኸው ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁትም!»

አያችሁ፣ በኛ አገር የበራ ሞተር የመቸኮል ማስረጃ ነው። ካጠፋችሁት ለቡና እጅ ሰጣችሁ ማለት ነው፣ ቡና ደግሞ አቦል ቶና በረካ ነው። ስለዚህ አይጠፋም። እትዬ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ ያሳርፋሉ። የልጃቸው ፈተና ይወራል፣ የተከራዩ አመል ይወራል፣ ጎረቤት የጀመረው አጥር ከነመጠኑ ይወራል። ሦስት ጊዜ «በሉ እንግዲህ» ይባላል፣ ከሦስቱም በኋላ አዲስ ርዕስ ይከፈታል። በዚህ ሰዓት በረካው ተጠጥቶ ምርቃቱም አልቆ ነበር። ከ10 ሰከንድ በላይ የምትቆሙ ከሆነ ሞተር ማጥፋት ያዋጣል የሚለውን ምክር የጻፈው ሰው እትዬን አያውቃቸውም።

«መጣሁ»ም አለች። በስልክ «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ስትሉት «መጣሁ መጣሁ» የሚለው ሰው ሻወር ውስጥ ነው። አንዳንዴ ውሃው ሲወርድ ይሰማችኋል። ሞተር ማጥፋት ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ይመስላል፣ ስለዚህ እያቃጠላችሁ ትጠብቃላችሁ።

ይህ ሁሉ የመረረው አንድ ወዳጄ ባለፈው ኤሌክትሪክ ገዛ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዋ ቪትዝ ራሷ እንደ ቤት ዋጋዋ አልወርድ ብሏል፣ እሱም የሱን በደህና ሸጦ ነው የተገላገለው። ለገዢው በሊትር ስንት ትሄዳለች እንዳለው አልጠየቅኩትም፣ ግን እገምታለሁ። «ከእንግዲህ ማደያ አላውቅም፣ ሰልፍ አላውቅም» ብሎ ነበር።

ዘመዶቹም ይህን ሰሙ። ድሮ ለሦስት መኪና ይከፋፈል የነበረው ማድረስና ማምጣት አሁን በሙሉ የሱ ነው። «አንተማ ምን አለብህ፣ ነዳጅ አታወጣ!» አየር መንገድ የሚሄድ እሱን፣ ከሐኪም ቤት የሚወጣ እሱን፣ ከመርካቶ በርበሬ የሚጭን እሱን። መጀመሪያ «መንገዴ ነው» እያለ ቻለ። አሁን መላ ዘይዷል፤ ማንም ይደውል፣ መቼም ይደወል፣ መኪናዋ ሁልጊዜ 9 ፐርሰንት ነው የቀራት።

እሁድ ዕለት አክስቱ ጋ ይህንኑ ሞከረ።

«አክስቴ፣ ቻርጅ 9 ፐርሰንት ብቻ ነው የቀራት፣ እናንተ ጋ ደርሳ አትመለስም።»

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ መድረሱን ትድረስ እንጂ እኛም ቤት ሶኬት አለ» አሉት። «እስክትሞላ ቡና እናፈላለን፤ ስትመጣ ያጎትህንም ልጅ ከጀሞ ያዘው፣ መንገድህ ነው።»