በቁጥር 92 አረጋግጣለሁ

ሐዋሳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጋሼ አንድ ሰማያዊ ደብተር ይዘው መጡ። ቡና እየጠጣን ነበር። ደብተሩ የሱቅ ኪራይ የሚጽፉበት ነው። ጠርዙ ተበልቷል፣ መሃሉ የዘይት እድፍ አለበት። አንዱን ገጽ ገልጠው ፊቴ አስቀመጡት። «60 ሺህ ብር መያዣ ተቀብያለሁ» ይላል፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ። ከታች የእሳቸውና የተከራዩ ፊርማ አለ።

ተከራዩ ፒያሳ ያለውን ሱቅ ከለቀቀ በኋላ መያዣዬ ይመለስልኝ ብሎ ከሷቸዋል። ኮፒ አልያዘም። ምስክርም የለውም። «ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሬ ነበር» አሉኝ። «የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው፤ አልተቀበልኩም ይበሉ፣ ደብተሩን ለማንም አያሳዩ አለኝ።»

ይህን ስሰማ የራሴ ጉዳይ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካ አንድ የጭነት መኪና ገጨኝና ድርጅቱን ከሰስኩ። ድርጅቱ የሌላ ስቴት ስለነበር ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገባ። እዚያ ችሎት ከመቆማችሁ በፊት ዲስከቨሪ የሚባል ረጅም ጊዜ አለ። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተጻፈ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ሰነዳቸውን እርስ በርስ ይሰጣጣሉ። የሚጠቅማችሁን ብቻ አይደለም። ሌላው ወገን በደንቡ መሠረት ከጠየቀ፣ የሚጎዳችሁንም ጭምር ነው።

እኔን የሚጎዳኝ ስልኬ ውስጥ ነበር። አደጋው በደረሰበት ማታ ለእህቴ «ምንም አልሆንኩም፣ የተጎዳችው መኪናዋ ናት» ብዬ ጽፌያለሁ። እናታችን እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ወገቤ መነሳት የከለከለኝ በማግስቱ ነበር። ጠበቃዬን «ላጥፋው?» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ካጠፋኸው ሌላ ጠበቃ ፈልግ» አለኝ። ሆን ብዬ ማጥፋቴ ከታወቀ፣ ዳኛው የጠፋው ነገር እኔን የሚጎዳ ነበር ብሎ ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች) እንዲገምት ሊያዝ፣ ክሱንም ሊዘጋው እንደሚችል ነገረኝ።

መልእክቱ ተተርጉሞ ለድርጅቱ ጠበቃ ተሰጠ። ቃሌን በምሰጥበት ቀን የእነሱ ጠበቃ መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አንዲት ጸሐፊ ከአፌ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቃል በታይፕ ትመታለች። በደንቡ እንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ ቀን፣ ቢበዛ 7 ሰዓት ነው። እኔ ግን ዓመት መስሎኝ ነበር። ጠበቃዬ ቀደም ብሎ «የተጠየቅከውን ብቻ መልስ፣ አትገምት፣ ካላስታወስክ አላስታውስም በል» ብሎ አዘጋጅቶኛል። ምን እንደምል ግን አልነገረኝም። ምስክርን ማዘጋጀትና ቃል አፉ ላይ ማስቀመጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ነው የገባኝ።

የአሜሪካው ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ድርጅቱ በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ጫነብን። የጎማ ግዢ፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ ምኑ ቅጡ። ፍሬዋን በገለባ ቀበሯት። የሹፌሩ የሰዓት መዝገብ እዚያ መሃል ነበር። የጠበቃዬ ረዳት ሳምንታት ፈጅቶባት አገኘችው። ሹፌሩ ከተፈቀደለት 11 ሰዓት በላይ ነድቶ ነበር። አቅም የሌለው ከሳሽ ግን እዚያ ሳይደርስ ይደክማል። ይህ ደንቡን ሳይጥሱ ሰውን ማንገላታት ነው፣ ያናድዳል። በመጨረሻ ከችሎት በፊት ተስማማን። በዚያች መልእክት ምክንያት ካሰብኩት ያነሰ ገንዘብ አገኘሁ። እነሱም በዚያ መዝገብ ምክንያት ከፈሉ።

አገር ቤት ሕግ የለም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ቁጥር 223 ማስረጃህን ከክስህ ወይም ከመልስህ ጋር ዘርዝረህ አቅርብ፣ በእጅህ የሌለው ሰነድም በማን እጅ እንዳለ ግለጽ ይላል። ጠበቆች ከመሥሪያ ቤት ሰነድ ሲፈልጉ የዚሁን ሕግ ቁጥር ጠርተው «በ145 ይቅረብልን» ብለው ለፍርድ ቤቱ ያመለክታሉ። የሚጎድለን ሌላ ነው። ባላጋራ ያልጠየቀውን ማሳየት እንደ ሞኝነት ይቆጠራል። ጠበቃም ደንበኛው እንዳይናደድበት አብሮ ዝም ይላል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የመልሱ ረቂቅ መጨረሻ ላይ ያለችውን መስመር አንብበዋታል?» መነጽራቸውን አደረጉ። «ከላይ የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።» ከሥሯ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። አልተቀበልኩም ብሎ መፈረም ግን ውሸት ነው። ብዙ ሰው ይህቺን መስመር ሳያነብ ነው የሚፈርምባት።

«ታዲያ በገዛ እጄ አንገቴን ልስጥ?» አሉኝ።

ተከራዩ የመብራት ዕዳ ትቶ ሄዷል። የወለሉንም ሴራሚክ ሰባብሯል። ደረሰኙም ፎቶውም አለ። መያዣውን ተቀብያለሁ ካሉ ይህን ከ60 ሺህ ላይ ይቀነስልኝ ማለት ይችላሉ። አልተቀበልኩም ካሉ ግን ከምኑ ላይ ይቀነሳል? ይህን ስላቸው ደብተሩን እንደገና ገለጡት።

የጎረቤታችን አዛውንት ሲዳማ ናቸው፣ ብዙ ሰው ያስታረቁ። በሲዳማ ባህል እውነት ሃላሌ ትባላለች፤ በሽምግልና ፊት የደበቃት ሰው ፍርዱን ቢያመልጥ እንኳ እሷ ራሷ ትከተለዋለች ይባላል። አዛውንቱ ወሬውን ሰምተው ጋሼን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ደብተሩ የታለ?»

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ደወልኩላቸው። ደብተሩን ለጠበቃ ሰጥተዋል፣ ጠበቃው መልሱን እንደ አዲስ እየጻፈው ነው። ያቺ ገጽ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ተራ ቁጥር 1 ሆናለች፣ የመብራቱ ደረሰኝ ተራ ቁጥር 2። ቀጠሮው ገና ነው።