እርማት፦ «ማናጀር» መባል ብቻ ከሕጉ አያስወጣም

ወንድሜ፣ «ማናጀር ከሆንክ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አይመለከትህም፣ ትርፍ ሰዓትም አትጠይቅም» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፣ እኔም አምን ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ ማለትም አዋጅ 1156/2011፣ የማይመለከተው «የሥራ መሪ»ን ነው፤ የሥራ መሪ የሚለው ደግሞ የሥራ አመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለውን ነው። ባጅህ ላይ የተለጠፈውን አያይም።

ኮምቦልቻ ያለው የአጎቴ ልጅ «የመጋዘን ማናጀር» ሲባል ደሴ ያሉት ዘመዶች ሳይቀሩ እልል አሉ፤ በእጁ ያለው ግን የቁልፍ ዘለላና የዕቃ መዝገብ ነው፣ ለጥበቃው እንኳ የግማሽ ቀን ፈቃድ መስጠት አይችልም። ደመወዙም ያው ነው። (ሻይ ቤት ግን ሒሳብ ከፋዩ እሱ ሆኗል።)

እና አብሽር፣ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እያሠሩህ ከሆነ የሥራ መዘርዝርህን አውጥተህ አንብበው።