ዱካ አለበት እኮ!

ክብርና ምስጋና ለዱካ ይሁን! ሰሞኑን በረዶ በወረደ ማግስት፣ ከዴንቨር በስተምዕራብ በርቱድ ፓስ በተባለው የተራራ ማለፊያ ላይ፣ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ከወጡት ሰዎች ያቺው የምናውቃት ቃል ተሰማች፦ “ዱካ አለበት እኮ!” ሌላ ሰው ካለፈበት ናዳ አይነካውም ማለት ነው፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየዕለቱ የሚያወጣው ትንበያ “አደጋው ከ5 ደረጃ 3ኛው ላይ ነው” ቢል ምን ይሁን? 3 መሃል ነው፤ መሃል ደግሞ ሰላም ነው። (ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃው 3 በሆነበት ቀን መሆኑን የሚያነሳ ነገረኛ ብቻ ነው።)

በኅዳር የወረደው ስስ በረዶ፣ ከሥሩ ሞቅ ያለ መሬት፣ ከላዩ የሌሊት ብርድ ይዞት ይከርምና እንደ ስኳር ይሆናል፤ ቢጨብጡት አይያያዝም። በላዩ ንፋስ የገፋው በረዶ ተጋግሮ እንደ ገበታ ይነጠፋል። ስኳር ላይ የቆመ ገበታ! ታዲያ የዱካ ሊቃውንትን ምን አገባቸው? አንዱ አለፈ፣ ምንም አልሆነ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ተዳፋቱ ካርታ የወጣለት ቦታ ሆነ። አምስተኛው ማኅተም አሳረፈበት። ከዚያ ወዲያማ ናዳው ራሱ እየመጣ ዱካውን ያያል፤ “ይቅርታ፣ ባለቤት ያለው አልመሰለኝም ነበር” ብሎ ወደ ጎረቤት ገደል ይዞራል፤ እዚያም ዱካ ያገኛል፤ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ይላል፤ እስከ ሚያዝያ ይተክዛል።

አሥረኛው ሰው ግን ወደ ዐለቱ ሁለት ሜትር ጠጋ ይላል። እዚያ ገበታው ስስ ነውና ክብደቱ ስኳሩ ድረስ ይዘልቃል። “ውምፍ!” ይላል ከሥር። ስንጥቁ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሮጣል፤ የዘጠኙም ማኅተም ከነካርታው አብሮ ይወርዳል።

የመሣሪያ አያያዛቸውም ይደነቃል። ከልብስ ሥር ደረት ላይ መታሰር ያለበት ቢከን (የተቀበረ ሰው እንዲገኝ ምልክት የሚልክ መሣሪያ) ቦርሳ ውስጥ ተኝቷል። ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር (በፍለጋ ጊዜ 50) ሊርቀው የሚገባው ስልክ ተለጥፎበታል። አካፋው “ይከብዳል” ተብሎ መኪና ውስጥ ቀርቷል፤ የሙዚቃ ማጫወቻው ግን ተሸክመውት መጥተዋል።

ቀልዱ ይቆየን። የተቀበረ ሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ ያሽቆለቁላል። የቆመ ናዳ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ በእጅ አይቆፈርም። ሄሊኮፕተር በዚያ ሰዓት አይደርስም፤ የሚደርሰው አብሮ የወጣው ጓደኛ ነው። እሱ አካፋ ከሌለው ቆሞ የጓደኛውን ሞት ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ጀግንነት የሚለው ማነው?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው እንመለስ። የተዳፋቱን ዲግሪ በስልክ መለካት፣ ከ30 እስከ 45 ሲሆን መራቅ፣ መሻገር ግድ ከሆነም አንድ ባንድ ማለፍ፣ ይህ ሁሉ ለፈሪዎች ይሁን። ለጀግኖቹ ግን አንድ ችግር ገጥሟቸዋል፤ ሌሊቱን 30 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ዱካው ሁሉ ተሸፍኗል። ማን ይጀምር? አሁን ሁሉም መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ፣ ሌላው እስኪወጣ በመስኮት እየተያየ ይጠብቃል።