ሁለት ባልዲ

ልጅ ሆኜ የአክስቴ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። ልጇ ሪያድ ነበር የሚሠራው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ሐምሌ እንዲህ አስጻፈችኝ፦ «ሁላችንም ደህና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ በርትቷል። ማታ ማታ ሁለት ባልዲ ደርድረን ነው የምንተኛው።»

«ጣሪያው ስለሚያፈስ ብር ላክ ልበለው?» አልኳት። ተቆጣች። «እንደነገርኩህ ጻፍ! ልጄ አይደል? ይገባዋል።»

መልሱ መጣ። «እማዬ፣ ቆርቆሮ ስንት ገባ?» ይላል።

በደብዳቤው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ክረምቱ በርትቶ ነበር፤ ባልዲውም ሁለት ነበር። ግን አልለመነችውም፣ አላሳቀቀችውም። ነገሩን ራሱ እንዲደርስበት ተወችለት።

እንዲህ ያለው አነጋገር «ሰምና ወርቅ» ይባላል፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቅ ነው። ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛ ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። በጭቃ ይሸፍነዋል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው ወርቅ ይፈስበታል። ታዲያ ሰሙ ላይ የተጣመመ ነገር ወርቁም ላይ መጣመሙ አይቀርም። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ብዙዎቻችን ወርቁን ፍለጋ ስንሮጥ ሰሙን እንንቃለን።

የቆየችውን ግጥም እንያት፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ

«ተሰቀለ» ኅብር ነች፤ ሰሙንም ወርቁንም በአንድ የያዘች ቃል። ጌታም ተሰቅሏል፣ የአፍቃሪውም ልብ ተሰቅሏል። ፍቅሩ ያልገባው ሰው እንኳ የአዳምን ታሪክ ይዞ ይሄዳል። ባዶ እጁን አይመለስም።

አሁን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ግን ሌላ ነው። «ስም አልጠራም፣ የገባው ይገባዋል።» በቃ፣ ይሄው ነው! ይህ ቅኔ ሳይሆን አሽሙር ነው። ጸሐፊው ሲጠየቅ «እኔ መች አልኩ?» ይላል። አንባቢው አስር ቦታ ይተረጉመዋል፤ ኮሜንቱ ላይ ዘር መቆጠር ይጀመራል። የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም የማያውቅ ሰው ነው።

በግልጽ መጻፍ በሚያሳስርበት ጊዜ በነገር መሸፈን ጋሻ ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ ሳይታተም በፊት ሳንሱር ያየው ነበር። ያኔ በዘወርዋራ የጻፉትን አከብራለሁ፤ የሚሸሹት መቀስና እስር ቤት ነበር። ጎረቤቱን ለመውጋት የሚሸፋፍን ሰው ግን ምን ይሸሻል?

የተሸፈነ ነገር ጽፋችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ወርቁን አንሱትና የቀረውን አንብቡት። ከአክስቴ ደብዳቤ ላይ ብሩን ብታነሱት እንኳ ቤተሰቡ ደህና ነው፤ ዝናቡም እየዘነበ ነው።