ለአቶ ኮይዙሚ አንደበት የቀረበ ውዳሴ

ዛሬ የማወድሰው ሰው አለኝ። አቶ ሺንጂሮ ኮይዙሚ ይባላሉ፤ የጃፓን ፖለቲከኛ ናቸው። ብዙ ተናግሮ ምንም አለማለት ማንም ባለሥልጣን የሚችለው ነው። እሳቸው ግን አንዱን ነገር ሁለቴ ብለው፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ምክንያት ያደርጉታል። አንዴ እንዲህ አሉ፦ «አሁን ባለንበት መቀጠል የለብንም ብዬ አስባለሁ። ለዚህም ነው ጃፓን አሁን ባለችበት መቀጠል የለባትም ብዬ የማስበው።» እስቲ ይህን ማን ይከራከራል?

ችሎታው ዝም ብሎ አልመጣም። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ በቤተሰቡ የምርጫ ወረዳ በዮኮሱካ ግን ለልጅ የሚተርፈው የፓርላማ ወንበር ነው። ቅድመ አያታቸው ማታጂሮ፣ ያ ገላው በንቅሳት የተሸፈነው፣ ሚኒስትር ነበሩ። አያታቸው ጁንያ የመከላከያ ኤጀንሲን መርተዋል። አባታቸው ጁኒቺሮ ከ2001 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከፖለቲካ ሊሰናበቱ ሲሉም «ከእኔ በኋላ ልጄ» አሉ። በ2009 ምርጫ ፓርቲያቸው በመላ አገሪቱ ድባቅ ሲመታ፣ ልጅየው የአባታቸው ወንበር ላይ ዘና ብለው ተቀመጡ። በዚያ ወረዳ የተሸነፈው ተፎካካሪ የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ነው፤ ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ጠበቃ። ምስኪን! እሱ የጀመረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ መድረስ ነበረበት። የእኛ ሰውዬ ግን ገና ሲወለዱ ደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ምን ያስኬዳቸዋል?

በ2019 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆነው ኒው ዮርክ ሄዱ። የአየር ንብረት ለውጥን መታገል አስደሳች፣ አሪፍ፣ «ሴክሲም» መሆን አለበት አሉ። የድንጋይ ከሰልን ነገር ሲጠየቁ «እንቀንሳለን» አሉ። «እንዴት?» ሲባሉ ጭጭ። ከንግግራቸው ሁሉ እኔ ይቺን አስበልጣለሁ።

በ2020 የካቲት የመንግሥትን የኮሮና ስብሰባ ትተው በምርጫ ወረዳቸው የአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ ተገኙ። ፓርላማው ሲያፋጥጣቸው የመለሱት ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ተጸጽቻለሁ፤ ተጸጽቻለሁ እያልኩ ጸጸቴ አለመታየቱ ግን የራሴ ችግር ስለሆነ፣ በዚያም ተጸጽቻለሁ። አንድ ጥፋት፣ ሁለት ጸጸት። ሌላ አገር ባለሥልጣን አንዱንም ያጣል።

በዓመቱ ጃፓን በ2030 በካይ ጋዝ በ46 በመቶ እቀንሳለሁ አለች። ቁጥሩ ከየት መጣ ተባሉ። ጥርት ብሎ ባይታየኝም ብዥ ብሎ ብቅ አለልኝ አሉ፤ «46» የሚል። እኛ ሰፈር ቁጥር ብቅ ያለለት ሰው ሎተሪ ይቆርጣል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሙያቸውን አዋርደዋል። በ2025 ግንቦት የእርሻ ሚኒስትሩ «ሩዝ ገዝቼ አላውቅም፣ ደጋፊዎቼ ይሰጡኛል» ብለው ከሥልጣን ወረዱ። 5 ኪሎ ሩዝ ከ4,000 የን በላይ በገባበት ሰሞን! የተተኩት አቶ ሺንጂሮ የመጠባበቂያ ሩዝ አስወጥተው 2,000 የን ገደማ እንዲሸጥ አደረጉ። ቁጥር፣ ግስ፣ ውጤት፤ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ በበኩሌ አፈርኩባቸው።

ደግነቱ ቶሎ ተመለሱ። በዚያው መስከረም ለፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ፣ የምርጫ ቡድናቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፍ የሙገሳ ናሙና አዘጋጅተው ለደጋፊ ሲያድሉ ተደረሰባቸው። ይቅርታ ጠየቁ። ጥቅምት ላይ በሳናዬ ታካይቺ ተሸነፉ፤ ያሸነፏቸው ሴትዮም ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ወዲያው የመከላከያ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። የአያታቸው ቤት ማለት ነው።

ለአዲሱ ሥራቸው አንድ መግለጫ ይቺው፦ «ጃፓን ራሷን መከላከል አለባት። ለዚህም ነው ራሷን መከላከል ያለባት።» ይህን እሳቸው አላሉም፤ እኔ ነኝ ያዘጋጀሁላቸው። ናሙና አልተላከልኝም፣ ክፍያም አልጠይቅም።