ምስጢሩ የተደበቀው ከማን ነበር?

ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚበርን አውሮፕላን ምድር ላይ ያለ ሰው አያየውም። ራዳር ላይ የተቀመጠው ወታደር ግን ያየዋል። ነጥብ ሆኖ ብልጭ ሲል ከፍታውንና ፍጥነቱን ይመዘግባል፣ ለአለቃው ይነግራል። ከዚያ ያየውን ይዞ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ እስከ ጡረታው፣ አንዳንዱ እስከ መቃብሩ።

የእነዚህ ባለሙያዎች ትዝታ የሽማግሌ ወግ ተብሎ መታለፍ የለበትም ባይ ነኝ። ለዚህ የዩ-ቱን ታሪክ አነሣለሁ።

የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ይህን የስለላ አውሮፕላን ወደ ሶቪየት ሰማይ መጀመሪያ የላከው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1956 ነው። የሶቪየት ራዳር እዚያ ከፍታ ላይ ያለን ነገር አጥርቶ አይከታተልም ተብሎ ታስቦ ነበር። ተከታተለው እንጂ! ሳምንት ሳይሞላ የሞስኮ ተቃውሞ ዋሽንግተን ደረሰ። ተዋጊ ጄቶች በየጊዜው ቢነሡም አልደረሱበትም። አሜሪካ መሰለሏን፣ ሶቪየትም መትታ መጣል አለመቻሏን ለሕዝብ አልተናገሩም። ሁለቱ ባላንጣዎች የሚያውቁትን ዜጎቻቸው አያውቁም ነበር።

ሜይ 1 ቀን 1960፣ በሠራተኞች ቀን፣ ዩ-ቱን እያበረረ ከፓኪስታኗ ፔሻዋር የተነሣው ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ በሶቪየቷ ከተማ ስቨርድሎቭስክ አጠገብ በኤስ-75 ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤል ተመታ። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰማይ ላይ የተበተነው ስብርባሪ ራዳሩ ላይ የሚታየውን አደናገረ፤ ዒላማው መውደቁ ወዲያው አልተረጋገጠም። ወገንን ከጠላት የሚለየው መሣሪያ ደግሞ ወር ሲገባ ኮዱ መቀየር ሲኖርበት በተላኩት ተዋጊ ጄቶች ላይ አልተቀየረም። እንደገና ተተኮሰ። የወደቀው የራሳቸው ተዋጊ ጄት ሚግ-19 ነበር፤ አብራሪው ሰርጌይ ሳፍሮኖቭ ሞተ። እንዴት እንደሞተ ለአሥርተ ዓመታት ከሕዝብ ተሰወረ።

አሜሪካም የአየር ጠባይ የሚያጠና የናሳ አውሮፕላን ጠፋ አለች። የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሜይ 7 ላይ ፓይለቱ በሕይወት እጄ ላይ ነው ሲል ውሸቱ ገሃድ ወጣ።

ትዝታ እንደሚሳሳት አውቃለሁ። ሰዓት ያዛባል፣ የሰሙትን ካዩት ይቀላቅላል፤ ከሰነድ ጋር መመሳከር አለበት። ነገር ግን ሰነዱን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ያው የዋሸው ቢሮ ነው። ያን ቀን ራዳር ላይ የነበሩት ወጣቶች ዛሬ በሕይወት ካሉ ሰማንያን አልፈዋል። የሚጠይቅ ሰው አሁኑኑ ይሂድ፤ ምን አየህ፣ ለማን ነገርክ፣ ምንስ ተባልክ ብሎ ይመዝግብላቸው።