ፒክአፕ ከፍ ሲደረግ የሚረሳው ፍሬን

እሁድ እሁድ በአዳማ ሰፈሮች ብትዘዋወሩ፣ በሩ ገርበብ ባለ ግቢ ውስጥ ጎማው የወለቀ ሃይሉክስ ወይም ዲማክስ በክሪክ ተነስቶ፣ ሁለት ሦስት ወጣቶች ካርቶን አንጥፈው ከሥሩ ተኝተው ማየት የተለመደ ሆኗል። ሥራው ሊፍት ነው፣ የመኪናውን ቁመት መጨመር። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁለት ነገር እሰማለሁ። አንዱ «የጎረምሳ ጨዋታ ነው፣ ትራፊክ ሊከለክለው ይገባል» ይላል። ሌላው «ባሌስትራ ፈትቶ ማሰር ምን ጥበብ አለው፣ ማንም ይሠራዋል» ባይ ነው። ባሌስትራ የመኪናውን ጀርባ የሚሸከመው፣ እንደ ቀስት የጎበጠው ድርብርብ ብረት ነው።

ሁለቱንም አልቀበልም። ባለንብረቱ መኪናውን በገዛ ግቢው መፍታቱን እደግፋለሁ። ከሥሩ የተኛ ሰው የቱ ጎሚኒ (በመጋጠሚያዎች ውስጥ የሚገባው ጎማ) እንዳለቀ፣ የትኛው የፍሬን ቱቦ እንደተሰነጠቀ በዓይኑ ያያል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ጉዳይ ነው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ከግቢ ሲወጣ በባጃጅና በእግረኛ በተሞላ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። ያሳደገው ሰው ለዚያ መንገድ በልኩ የሚቆም መኪና የማስረከብ ግዴታ አለበት። በግቢ ሥራ ላይ በብዛት ተዘሎ የማየውም ይኸው የፍሬኑ ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ከፍታው ለምን እንደሚፈለግ እንነጋገር። አብዛኛው ሰው «ሆዱን እየመታብኝ ነው» ብሎ ነው የሚነሳው። ከወንጂ ቲማቲም፣ ከቦፋ ሽንኩርት የሚያመጣ፣ ወደ ዴራ ገጠር ቀበሌዎች ማዳበሪያ የሚያደርስ ሰው የሚያማርርበትን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከሥር ቀድሞ የሚመታው የኋላ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ድብልብል ሳጥን ነው። ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር በአንድ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው ወፍራም ብረት) ስለተያያዘ ባሌስትራውን ምንም ያህል ብታሳድጉት ካለበት ፈቀቅ አይልም። ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም)፣ ጋቢናውና ካሶኒው (የጭነቱ ሳጥን) ይነሳሉ፣ እሱ እዚያው ይቀራል። እሱን የሚያነሳው የጎማ ቁመት ብቻ ነው። ባለ 16 ኢንች ጎማ ከ265/70 ወደ 265/75 (ስፋቱ ያው ሆኖ ቁመቱ ወደ ጨመረ) ብትቀይሩ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የፍጥነት መቁጠሪያውም 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 103 አካባቢ ይሆናል። ብዙ ብር አውጥቶ ሊፍት ያስገባ ሰው በዚያው ጉብታ ላይ በዚያው ዲፈረንሻል ሲቀመጥ የሚናደደው ይህን ቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ብዙው ፒክአፕ ሊፍት ሳይሆን የቀድሞ ቁመቱን ነው የሚፈልገው። ለዓመታት ከአቅም በላይ የተጫነ ባሌስትራ ይደክማል፣ ይረግባል። ባዶ ፒክአፕ ከኋላ በኩል ከፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። የእናንተው ባዶውን ጀርባው የተቀመጠ ከሆነ አዲስ ወይም ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ባሌስትራና አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ) ግዙለት፤ ችግሩ በዚያው ሊያልቅ ይችላል። በእሳት እያጋሉ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ዘንድ ግን አትውሰዱት። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ሲመረት በተሰጠው ሙቀትና ማቀዝቀዝ ነው፤ እሳት ውስጥ ሲገባ ያ ይጠፋል፣ ከዚያ ወይ ይረግባል ወይ ከጭነት ጋር ይሰበራል።

ከዚያም በላይ እጨምራለሁ ለሚል ሰው፣ በግቢ ሥራ ከ5 ሴንቲ ሜትር አትለፉ እላለሁ። ይህን ልክ የሚወስነው የመኪናው የፊት ክፍል ነው። በብዙዎቹ የድሮ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (ፎር ባይ ፎር) ሃይሉክሶችና በመጀመሪያዎቹ ዲማክሶች ፊቱን የሚሸከመው እንደ ሞላ የሚያገለግል የሚጠማዘዝ ባራ ነው። ማስተካከያ ቡሎኑን ስታጠብቁት ፊቱ ወዲያው ይነሳል፣ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው የሚወደደው። ግን ባራው በዚያ ምክንያት የበለጠ አይጠነክርም። የሚሆነው፣ ጎማው ወደ ታች ሊወርድበት የሚችለው ቦታ ይበላል። ጉድጓድ ስትገቡ አሞርዛተሩ ጫፉ ላይ ደርሶ «ቋ» ይላል፣ ቴስቲናው (ጫፉ ኳስ የሆነው የጎማ መጋጠሚያ) ከልኩ በላይ ይዘማል። የፊት ጎማን የሚያዞረው ዘንግም ከሚችለው በላይ በዘመመ አንግል ስለሚሽከረከር የመጋጠሚያው የጎማ ሽፋን ይቀደዳል፣ ግራሱ ይፈሳል፣ አቧራ ይገባበታል። የወንጂን መንገድ አቧራ ለሚያውቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መንገር አያስፈልግም። ከ2005 አውሮፓውያን ዘመን ወዲህ በመጡት ሃይሉክሶች ፊቱ ሞላ ነው። እዚያ ላይ ሞላውን ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ፣ በሽቦ ወይም በሰንሰለት አስሮ የሚፈታ ሰው ሕይወቱን እያስያዘ ነው። የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ይህን ክፍል ለጋራዥ ስጡት።

ከኋላ ያለው ይቀላል፣ በዚያ ልክም ሰው ይደፋፈርበታል። ባሌስትራው የሚንጠለጠልበትን ማንጠልጠያ በ5 ሴንቲ ሜትር ብታስረዝሙት መኪናው የሚነሳው በግማሹ፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው «አልበቃኝም» እያለ ሲያስረዝም ማንጠልጠያው ወደ ጎን መወላገድ ይጀምራል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባው ብረት ደግሞ አንድ ብቻ፣ ለዚያው ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ሁለት ደርቦ ማሰር፣ ወይም በያጅ ቤት ከቱቦ ቆርጦ ማሠራት የሚባል ነገር መቅረት አለበት። ፍሬን ሲያዝ አክስሉ መጠምዘዝ ይፈልጋል፤ ብረቱ በረዘመ ቁጥር ያ ጉልበት ያድጋል፣ የተበየደው ነገርም የሚለቀው ያን ጊዜ ነው። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ አዲስ ይገዛ። ጎሚኒ ያለባቸው ቡሎኖች የመጨረሻ መጥበቂያቸው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይበጣጠሳል።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሥራቸውን ያገባደዱ ልጆች እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። ሥራው ንጹሕ ነው። ቡሎኖቹ አዲስ፣ ዳዶዎቹ በእኩል የጠበቁ፣ አሞርዛተሩ በልኩ የተገዛ። ከሥሩ ገብቼ ቀና ስል ከኋላ አክስሉ ፊት ለፊት ሻንሲው ላይ የታሰረችውን፣ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የምትመጥነውን ቫልቭ አየኋት። ከእሷ ወጥቶ አክስሉ ላይ መታሰር የነበረበት እንደ ጣት የቀጠነ ዘንግ ተፈትቶ፣ ወደ ላይ ተጠምዝዞ በማሰሪያ ሽቦ ተሸብቧል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ትልቁን።

«ጋሼ፣ እሱ አልደርስ ስላለን ነው። ምንም አይሠራም፤ ስንት መኪና ላይ ተፈትቶ ነው የሚሄደው።»

የሚሠራውን እዚያው በእጄ እያንቀሳቀስኩ አሳየሁት። ካሶኒው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይወርዳል፣ ዘንጉ ወደ ላይ ይገፋል፣ ቫልቩ ይከፈትና ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል። መኪናው ባዶ ሲሆን ዘንጉ ይወርዳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የቀለለ ጀርባ ብዙ ፍሬን ከተሰጠው ጎማው ይነክሳል፣ ማለትም መዞሩን አቁሞ ይንሸራተታል። ሊፍት ሲገባ ሻንሲው ከአክስሉ ይርቃል። ዘንጉ እንደነበረ ከታሰረ ቫልቩ ሁልጊዜ መኪናው ባዶ ይመስለዋል። በዚያ ላይ አሥር ኩንታል ጭናችሁ ወደ ከተማ ስትወርዱ የኋላው ፍሬን በግማሽ ልብ ይይዛል፣ ሸክሙ ሁሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል፣ መቆሚያው ይረዝማል። እነሱ እንዳደረጉት ወደ ላይ ከታሰረ ደግሞ ቫልቩ ሁልጊዜ የተጫነ ይመስለዋል። በክረምት የመጀመሪያ ዝናብ፣ ዘይትና አቧራ በተቀላቀለበት አስፋልት ላይ ባዶውን ፍሬን ስትይዙ የኋላ ጎማ ነክሶ ጀርባው ይዞራል።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። መኪናው በተነሳበት ልክ የዘንጉን የአክስል በኩል ማሰሪያ ከፍ ማድረግ ነው። ልጆቹ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ቆርጠው፣ በስተው፣ በቡሎን አሰሩት፤ ብየዳ አልነካውም። ቤንች ላይ የሚሠራ፣ ከሻይ ሰዓት የማያልፍ ሥራ ነው። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይነክስ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) ያላቸው ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ይህን ማመጣጠን በኮምፒውተር ስለሚሠሩ ዘንጉ ላይኖራቸው ይችላል፤ በከተማችን የሚሠሩት አሮጌ ፒክአፖች ግን በብዛት አላቸው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችም አብረው ይታዩ። አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠልና መሪው ጫፍ ድረስ ሲዞር መወጠር የለባቸውም።

ስለ ግቢው አንድ ነገር ልበል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው እስካሁን አለ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ሻንሲው በብረት መቆሚያ ይያዝ፣ ከመቆሚያው ሥር ወፍራም ጣውላ ይግባ። አዳማ ላይ የብዙ ግቢ አፈር ልል ነው፣ ብረት ይሰምጥበታል። የኋላው ሲነሳ የእጅ ፍሬን ዋጋ የለውም፤ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ ታኮ ይደረግላቸው።

ከግቢ ከወጣ በኋላ ሦስት ነገር ይቀራል፦ አላይመንት (የጎማዎችን አቋቋም ማስተካከል)፣ መብራትና ነፋስ። ፊቱ ሲነሳ የጎማው አቋቋም ይለወጣል፣ መሪው ወደ መሐል መመለስ ይሰንፋል፣ ጎማ በአንድ ጎን ይበላል። የፊት መብራቱም አብሮ ስለሚነሳ ዝቅ ካልተደረገ ማታ በአዋሽ መንገድ ከፊት የሚመጣውን የከባድ መኪና ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ነፋሱን የአዳማ ሰው ያውቀዋል፤ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት እዚህ የተተከሉት ለዚሁ ነፋስ ነው። ከፍ ያለ ፒክአፕ ካሶኒው ላይ ርብራብ ተጨምሮበት፣ ሽንኩርት እስከ ጋቢናው ጣሪያ ተጭኖበት በፈጣን መንገዱ ላይ ሲበር ነፋሱ ከጎን ሲመታው አያለሁ። የመጫኛው ከፍታ ሊፍቱ በጨመረው ልክ እንኳ ዝቅ ቢል ብዙ ነው። አደጋን የሚጨምር ለውጥ ሲደረግ ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅም የባለንብረቱ ግዴታ ነው።

«ትራፊክ ይከልክለው» ለሚሉት መልሴ ይህ ነው። መከልከል ሥራውን ወደ ሌሊት ይወስደዋል እንጂ አያስቆመውም። የዓመቱ የቦሎ ምርመራ አለ፤ ነገር ግን ፒክአፕ ለምርመራ የሚቀርበው ባዶውን ስለሆነ ጭነት ላይ የሚመጣው የፍሬን ልዩነት ማሽኑ ላይ አይታይም። መርማሪው ከጉድጓዱ ሆኖ ቀና ብሎ ዘንጉ መታሰሩን፣ በአክስሉ ላይ የተደረበ ወይም የተበየደ ብረት አለመኖሩን ይይ። አዲስ ማሽን አይጠይቅም፣ ባትሪ መብራት ይበቃዋል። ከዚያም ቀድሞ ሊፍት ያስገባ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ መሪው ሲያስቸግረው የሚሄደው አላይመንት ቤት ነው። መኪናው እዚያ ተሰቅሎ ሳለ ሠራተኛው የኋላውን ዘንግ ጭምር ቢያይና ካልታሰረ ለባለቤቱ ቢነግረው፣ አላይመንቱንም ዘንጉ ሳይታሰር አልጨርስም ቢል፣ የአዳማ አላይመንት ቤቶች ከሰኞ ጀምሮ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ነው።